ዴስክቶፕ ላይ ያለን ኮንቴይነር ከውጭ እንዲደረስበት ማድረግ

በሶፍትዌር ሥራ ከተሰማሩትም ሆነ ለመሥሪያ ቤታቸው አነስተኛ ፕሮግራም ከሚያዘጋጁ ወዳጆቼ በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፡፡ «ፕሮግራሙ እኔ ኮምፒውተር ላይ በደንብ ይሠራል፤ ከጎኔ ያለው ባልደረባዬ ግን ሊከፍተው አልቻለም» ይላሉ፡፡ ጠያቂዎቹ አንድ በር የተዘጋባቸው ይመስላቸዋል፡፡ በእርግጥ ግን ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ ኮንቴይነር ውስጥ ወዳለ ፕሮግራም እስኪደርስ ድረስ ተከታታይ አራት በሮችን ያልፋል፡፡ ሦስቱን ከፍቶ አራተኛውን የረሳ ሰው ምንም ያልጎደላቸውን ሦስቱን በሮች ሲነካካ ቀኑ ይመሽበታል፡፡ በዚህ ጽሑፍ በሮቹን ከውስጥ ወደ ውጭ አንድ በአንድ ለማሳየት፣ እግረ መንገዴንም የትኛው በር ተዘግቶ መቆየት እንዳለበት ለመጠቆም እሞክራለሁ፡፡

ኮንቴይነር ስንል

ኮንቴይነር ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭኖ የሚመጣው የብረት ሣጥን፣ አለዚያም በየሰፈሩ ሱቅ ሆኖ የሚያገለግለው ነው፡፡ የኮምፒውተር ባለሙያዎቹም ስሙን የተዋሱት ከዚሁ ከመርከቡ ሣጥን ነው፡፡ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቡና ይሁን የመኪና ጎማ ለክሬኑ ለውጥ የለውም፤ መጠኑና ማንጠልጠያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉንም በእኩል ያነሣል፡፡ የሶፍትዌሩም ኮንቴይነር እንዲሁ ነው፡፡ አንድ ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት ፋይሎችና ላይብረሪዎች ጋር አብሮ ይታሸግና በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ በአንድ ዓይነት ትዕዛዝ ይነሣል፡፡

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፡፡ አንድን ፕሮግራም ከቀረው የፋይል ሥርዓት የመከለል ዘዴ በዩኒክስ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1979 ነበር፡፡ ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ2000 «እስር ቤት» የሚል ትርጉም ባለው ስም የተሟላ አጥር ሠራለት፤ ሊኑክስም በ2008 የራሱን ይዞ መጣ፡፡ ነገሩ ከጥቂት ባለሙያዎች እጅ ወጥቶ የተስፋፋው ግን ሶሎሞን ሃይክስ የተባለው ባለሙያ በመጋቢት ወር 2013 በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ በተደረገ የፓይተን ፕሮግራመሮች ጉባዔ ላይ ዶከርን በአጭር ንግግር ካስተዋወቀ በኋላ ነው፡፡ ዛሬ ከዶከር በተጨማሪ ፖድማንን የመሳሰሉ አማራጮች አሉ፡፡ እኔ በምሳሌነት የምጠቀመው ብዙ ሰው የሚያውቀውን ዶከርን ሲሆን፣ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ለፖድማንም ይሠራል፡፡

እዚህ ላይ ለጉዳያችን አስፈላጊ የሆነ አንድ ነጥብ አለ፡፡ ኮንቴይነሩ የኮምፒውተሩን ከርነል ከሌሎች ጋር በጋራ ቢጠቀምም፣ በኔትወርክ በኩል ግን ለብቻው እንደተከራየ ሰው ነው፡፡ የራሱ አድራሻ፣ የራሱ የኔትወርክ ካርድ፣ የራሱ የፖርት ዝርዝር አለው፡፡ በመሆኑም አንድ ኮምፒውተር ላይ አሥር ኮንቴይነሮች ሁሉም 80 ቁጥር ፖርትን ቢይዙ አይጣሉም፡፡ ከውጭ የሚመጣ ሰው በቀጥታ ሊያገኛቸው የማይችለውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

ፖርት ምንድነው ለሚሉ አንባቢያን የመሥሪያ ቤት መስኮትን ማሰብ ይቀላቸዋል፡፡ አይፒ አድራሻው ሕንፃው ነው፤ ፖርቱ ደግሞ የመስኮቱ ቁጥር፡፡ ሕንፃውን አግኝቶ መስኮት የተሳሳተ ባለጉዳይ «እዚህ አይደለም» ተብሎ እንደሚመለስ ሁሉ፣ አድራሻው ትክክል ሆኖ ፖርቱ የተሳሳተ ጥያቄም ይመለሳል፡፡ መስኮቶቹ እስከ 65535 ይቆጠራሉ፡፡ 80 ለተራ ድረ ገጽ፣ 443 ለተመሰጠረ ድረ ገጽ፣ 3306 ለማይኤስኪውኤል፣ 5432 ለፖስትግሬስ ዳታቤዝ በልማድ የተያዙ ናቸው፡፡

የመጀመሪያው በር፡- ፕሮግራሙ ራሱ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፡፡ አንድ ፕሮግራም ሲነሣ በየትኛው አድራሻ ላይ ጥያቄ እንደሚጠብቅ ይወስናል፡፡ 127.0.0.1 ላይ የሚጠብቅ ከሆነ ከዚያው ከራሱ ማሽን ውጭ ማንንም አያስተናግድም፡፡ 0.0.0.0 ላይ የሚጠብቅ ከሆነ በየትኛውም የኔትወርክ ካርድ የመጣውን ይቀበላል፡፡ ለፕሮግራም መጻፊያ የሚያገለግሉ አነስተኛ የድር ሰርቨሮች፣ ለምሳሌ ከጃንጎና ከፍላስክ ጋር የሚመጡት፣ ለጥንቃቄ ሲባል 127.0.0.1ን ይመርጣሉ፡፡ በተራ ኮምፒውተር ላይ ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፡፡ ኮንቴይነር ውስጥ ሲገባ ግን «የራሱ ማሽን» ማለት ኮንቴይነሩ ብቻ ስለሚሆን፣ ኮንቴይነሩን የተሸከመው ኮምፒውተር እንኳ እንደ ውጭ ሰው ይቆጠራል፡፡ ስለዚህ ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ፕሮግራም 0.0.0.0 ላይ እንዲጠብቅ መታዘዝ አለበት፡፡ ይህ ሳይደረግ ውጭ ያለው ሁሉ በትክክል ቢሠራም ብራውዘሩ ግንኙነቱ ባዶ መልስ ሰጥቶ ወይም ተቋርጦ እንደቀረ ይናገራል፡፡

ሁለተኛው በር፡- ከኮምፒውተሩ ወደ ኮንቴይነሩ

ዶከር ኮንቴይነርን የሚያስነሣበት ትዕዛዝ ላይ ትንሿን የፈረንጅ «ፒ» ከሰረዝ ቀጥሎ ጽፎ 8080:80 ማለት «በኮምፒውተሩ 8080 መስኮት የመጣውን ሁሉ ኮንቴይነሩ ውስጥ ወዳለው 80 መስኮት አስተላልፍ» ማለት ነው፡፡ የግራው የውጩ፣ የቀኙ የውስጡ ነው፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ በጣም የተለመደ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ማየት አይከፋም፡፡ ሌላ ካልተገለጸ የሚተላለፈው የቲሲፒ ግንኙነት ብቻ ሲሆን፣ ለዩዲፒ ከቁጥሩ በኋላ በእዝባር ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል፡፡

ኮንቴይነሩ የሚታነጽበት ፋይል ላይ «ኤክስፖዝ» የሚል መስመር አለና ብዙዎች እሱን ጽፈው በሩ የተከፈተ ይመስላቸዋል፡፡ ይህ መስመር ማስታወሻ ነው፤ «ይህ ፕሮግራም ይህን ፖርት ይጠቀማል» ብሎ ለሚቀጥለው ሰው ከመናገር አልፎ የሚከፍተው ነገር የለም፡፡ ትልቁን «ፒ» ከተጠቀሙ ግን ዶከር በዚያ ማስታወሻ የተመዘገቡትን ሁሉ በዘፈቀደ ከፍ ባሉ ቁጥሮች ላይ ያወጣቸዋል፡፡ ለሙከራ ካልሆነ ቁጥሩ በየጊዜው ስለሚቀያየር ለሥራ አይመችም፡፡

ሌላው ቀድሞ መታወቅ ያለበት ጉዳይ፣ ኮንቴይነሩ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ፖርት ለመጨመር የተለመደው መንገድ እሱን አጥፍቶ እንደገና መፍጠር መሆኑ ነው፡፡ ዳታው ኮንቴይነሩ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ አብሮ ይጠፋል፡፡ ቮልዩም በሚባለው ከኮንቴይነሩ ውጭ ባለ ማስቀመጫ ላይ ከሆነ ግን አይነካም፡፡ አንድ ፖርት ለመጨመር ሲባል የሦስት ወር መዝገብ እንዳይሰረዝ ኮንቴይነሩን ከማጥፋት በፊት ዳታው የት እንዳለ ማረጋገጥ ግድ ነው፡፡

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የአድራሻው ጉዳይ ነው፡፡ 8080:80 ብቻ ሲባል ዶከር መስኮቱን የሚከፍተው በኮምፒውተሩ አድራሻዎች ሁሉ ላይ ነው፡፡ ዋይፋይም ቢሆን፣ ገመድም ቢሆን፣ ሁሉም ያየዋል፡፡ ለራስዎ ብቻ ከሆነ 127.0.0.1:8080:80 ብለው ሦስት ክፍል አድርገው ይጻፉት፡፡ እኔ ይህንን እንደ መነሻ ልማድ እንዲይዙት እመክራለሁ፤ ለሌላ ሰው መክፈት ሲያስፈልግ ያን ጊዜ አስቦ ማስፋት ይቻላል፡፡ በሊኑክስ ላይ ከ28.0 በፊት የነበሩ የዶከር ኢንጂን ቅጂዎች በዚህ መንገድ የተወሰነውን ፖርት እንኳ ከአንድ ስዊች ጋር ከተያያዙ ሌሎች ኮምፒውተሮች ማግኘት የሚቻልበት ክፍተት ነበራቸው፡፡ ክፍተቱ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በወጣው በ28.0 ተዘግቷል፡፡ ስለዚህ አሮጌ ቅጂ ያለው ሰው ቢያድሰው ይሻላል፡፡

ስለ ዳታቤዝም አንድ ነገር ልበል፡፡ አብዛኛው የቢሮ ፕሮግራም ሁለት ኮንቴይነር ነው፤ አንዱ ድረ ገጹን ያቀርባል፣ ሌላው ዳታቤዙን ይይዛል፡፡ ሁለቱ እንዲነጋገሩ የዳታቤዙን ፖርት ማውጣት ያስፈልጋል ብሎ የሚያምን ሰው በጣም ብዙ ነው፡፡ አያስፈልግም፡፡ ሁለቱን በአንድ የዶከር ኔትወርክ ላይ ካዋሏቸው በስማቸው ይጠራራሉ፤ ዶከር ኮምፖዝ ይህንን ኔትወርክ ሳይጠየቅ ይፈጥረዋል፡፡ ወደ ውጭ መውጣት ያለበት የድረ ገጹ ፖርት ብቻ ነው፡፡

ኮምፖዝን ካነሣሁ ዘንድ፣ የፖርቶቹን ቁጥሮች በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ መጻፍ ይገባል፡፡ የኮምፖዝ ፋይል የሚጻፍበት ያምል የተባለው አጻጻፍ፣ በሁለት ነጥብ የተለዩ ቁጥሮች ሁለተኛው ከ60 በታች ሲሆን እንደ ሰዓትና ደቂቃ ቆጥሮ ወደ ሌላ ቁጥር ሊለውጣቸው ይችላል፡፡ ለማመን የሚያስቸግር ነገር ቢሆንም እውነት ነው፡፡

«ፖርቱ ተይዟል» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ይዞታል ማለት ነው፡፡ በማክ ላይ ከ2021ዱ ሞንተሬይ ጀምሮ 5000 ቁጥርን የሚይዘው የኤርፕሌይ ተቀባይ ነው፤ የፍላስክም የተለመደ ቁጥር 5000 ስለሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ፡፡ በዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሃይፐርቪ አንዳንድ የፖርት ረድፎችን ለራሱ ስለሚያስቀምጥ ማንም ሳይጠቀምበት «አይፈቀድም» የሚባል ፖርት ያጋጥማል፡፡ በሁለቱም ሁኔታ አቋራጩ መፍትሔ የግራውን ቁጥር መቀየር ነው፤ የቀኙን መንካት አያስፈልግም፡፡

ዴስክቶፕን ልዩ የሚያደርገው

እስካሁን ያልኩት ለሰርቨርም ለዴስክቶፕም ይሠራል፡፡ ዴስክቶፕ ላይ ግን አንድ የማይታይ ነገር በመካከል አለ፡፡ የምናወራላቸው ኮንቴይነሮች የሊኑክስ ከርነል ይፈልጋሉ፤ ዊንዶውስና ማክ ደግሞ የላቸውም፡፡ ስለዚህ ዶከር ዴስክቶፕ በስውር አንድ አነስተኛ የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን አስነሥቶ ኮንቴይነሮቹን የሚያሠራው በዚያ ውስጥ ነው፡፡ ድሮ፣ ከ2016 በፊት፣ ይህ ማሽን ቨርቹዋልቦክስ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር፤ ተጠቃሚውም ብራውዘሩ ላይ 192.168.99.100 የሚል አድራሻ ይጽፍ ነበር፡፡ አሁን በዊንዶውስ ላይ በአብዛኛው ደብሊውኤስኤል 2 በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ በማክ ላይ ደግሞ አፕል ራሱ ባዘጋጀው የቨርቹዋል ማሽን ዘዴ ይሠራል፡፡ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የሚጠብቀው የዶከር ዴስክቶፕ ፕሮግራም ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ ስውሩ ማሽን ያሻግራል፡፡

ከዚህ የሚከተሉ ነገሮች አሉ፡፡ ኮንቴይነሩ በ172.17 የሚጀምር አድራሻ እንዳለው አይቶ በቀጥታ ያንን ብራውዘር ላይ የሚጽፍ ሰው በሊኑክስ ላይ ይሳካለታል፤ በዊንዶውስና በማክ ላይ ግን አድራሻው ያለው ስውሩ ማሽን ውስጥ ስለሆነ አይደረስበትም፡፡ መንገዱ የወጣው ፖርት ብቻ ነው፡፡ በተጨማሪም ግንኙነቱ በመሻገሪያው ላይ ስለሚቀባበል፣ ፕሮግራሙ መዝገቡ ላይ የሚያየው የእውነተኛውን ባለጉዳይ አድራሻ መሆኑ ቀርቶ በአብዛኛው የመሻገሪያውን ነው፡፡ ከየትኛው ኮምፒውተር ማን እንደገባ የሚመዘግብ ሥርዓት ያለው መሥሪያ ቤት ይህንን ሳያውቅ ቢቀር ሁሉም ሠራተኛ ከአንድ አድራሻ የገባ ይመስለዋል፡፡

ሌላው የመብራት ነገር ነው፡፡ ዶከር ዴስክቶፕ የሚነሣው ተጠቃሚው በስሙና በይለፍ ቃሉ ከገባ በኋላ ነው፡፡ አንድ የሒሳብ ባለሙያዎች ቢሮ የክፍያ መመዝገቢያውን በአንድ ዴስክቶፕ ላይ በኮንቴይነር አድርጎ አምስት ሠራተኞች ይጠቀሙበት ነበር፡፡ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ በራሱ ይነሣል፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል መጠየቂያው ላይ ቆሞ ያድራል፡፡ ጠዋት የኮምፒውተሩ ባለቤት ከመስክ እስኪመለስ አምስቱም ሰዎች ሥራ ፈትተው ይጠብቃሉ፡፡ ኮንቴይነሩ «ካልቆመ በቀር እንደገና ተነሣ» የሚል መመሪያ ነበረው፤ መመሪያውን የሚፈጽመው ዶከር ራሱ አልተነሣም እንጂ፡፡ እኔን ሲጠሩኝ የሰጠኋቸው ምክር ለዚያ ሥራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጭነው ዶከር ኢንጂንን በቀጥታ እንዲያስነሡ ነበር፤ እዚያ ላይ ማንም ሳይገባ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይነሣል፡፡ ኮምፒውተሩ በቦዘነ ጊዜ እንቅልፍ እንዳይተኛ ማድረግም አይረሳ፤ የተኛ ኮምፒውተር መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፡፡

ከዶከር ዴስክቶፕ ጋር በተያያዘ ከ2021 ነሐሴ ጀምሮ የፈቃድ ደንቡ መቀየሩንም ልጥቀስ፡፡ ከ250 በላይ ሠራተኛ ወይም ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዓመታዊ ገቢ ያለው ድርጅት በክፍያ መጠቀም አለበት፡፡ በሊኑክስ ላይ የሚጫነው ዶከር ኢንጂን ግን ክፍት ምንጭ እንደሆነ አለ፡፡

በዊንዶውስ ላይ ዶከር ዴስክቶፕን ትተው ደብሊውኤስኤል ውስጥ ዶከር ኢንጂንን በቀጥታ የጫኑ ሰዎች ሌላ ፈተና አለባቸው፡፡ ከዚያው ኮምፒውተር ብራውዘር ይከፈታል፤ ከጎን ካለው ኮምፒውተር አይከፈትም፡፡ ምክንያቱ ደብሊውኤስኤል ከዊንዶውስ ጀርባ የራሱ የተሸሸገ አድራሻ ስላለው ነው፡፡ የቆየው መፍትሔ ዊንዶውስ አንድን ፖርት ወደዚያ አድራሻ እንዲያሻግር በትዕዛዝ መንገር ሲሆን፣ አድራሻው ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ስለሚቀያየር ሥራው አያልቅም፡፡ ከ2023 መስከረም ወዲህ በዊንዶውስ 11 ላይ «የመስታወት» የሚባል የኔትወርክ አሠራር መጥቷል፤ በዚህ አሠራር ደብሊውኤስኤል የዊንዶውስን አድራሻዎች እንዳሉ ይጋራል፡፡ የሃይፐርቪን ፋየርዎል ግን ለብቻው መፍቀድ ያስፈልጋል፡፡

ሦስተኛው በር፡- የኮምፒውተሩ ፋየርዎል

በዊንዶውስ ላይ ዶከር ዴስክቶፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ፖርት ሲከፍት ፋየርዎሉ «ይፈቀድለት?» ብሎ ይጠይቃል፡፡ በችኮላ «ይቅር» ያለ ሰው የሚከለክል ደንብ ተመዝግቦበት ይቀራል፤ ፋየርዎሉም ሁለተኛ አይጠይቅም፡፡ ወደ ፋየርዎሉ ዝርዝር ገብቶ ያንን ደንብ ማንሣት ነው መፍትሔው፡፡ ኔትወርኩ «የግል» ወይስ «የሕዝብ» ተብሎ መመዝገቡንም ይመልከቱ፡፡ የቢሮው ዋይፋይ «የሕዝብ» ተብሎ ከተያዘ በግል ኔትወርክ ላይ የተሰጠው ፈቃድ አያገለግልም፡፡ እዚህ ላይ ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ «አሁን ሠራ» የሚል ባለሙያ አይጠፋም፤ ለአንድ ደቂቃ ሙከራ ካልሆነ አልደግፈውም፡፡

በሊኑክስ ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ በሩ ከሚጠበቀው በላይ ይከፈታል፡፡ በኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብሊው የተባለውን ቀላል ፋየርዎል አብርቶ ሁሉንም ፖርት የዘጋ ሰው፣ ዶከር ያወጣውን ፖርትም የዘጋ ይመስለዋል፡፡ አልዘጋም፡፡ ዶከር ፖርት ሲያወጣ በከርነሉ የማሻገሪያ ሠንጠረዥ ላይ የራሱን ደንብ ይጽፋል፡፡ የመጣው ጥያቄ መድረሻ አድራሻ እዚያ ላይ ወደ ኮንቴይነሩ ይቀየርና «ለዚህ ኮምፒውተር የመጣ» መባሉ ቀርቶ «በዚህ በኩል የሚያልፍ» ይሆናል፡፡ ዩኤፍደብሊው በዋናነት የሚቆጣጠረው ለኮምፒውተሩ የመጣውን ስለሆነ አላፊውን አያስቆመውም፡፡ በግቢው በር ላይ ያለው ዘበኛ ወደ ቤቱ የሚገባውን እየፈተሸ በጓሮ በኩል ወደ ተከራዩ የሚያልፈውን እንደማያይ ማለት ነው፡፡ ዶከር ለእንዲህ ያለው ቁጥጥር «ዶከር ዩዘር» የሚል የደንብ ሰንሰለት አዘጋጅቷል፤ ከማን እንደሚቀበልና ማንን እንደሚከለክል እዚያ ላይ ይጻፋል፡፡ ይህንን ለመጻፍ ጊዜ የሌለው ሰው ከላይ ወዳልኩት ሦስት ክፍል አጻጻፍ ተመልሶ አድራሻውን በ127.0.0.1 ቢወስን ይበቃዋል፡፡

አራተኛው በር፡- ራውተሩ

በአንድ ቢሮ ውስጥ ላሉ ባልደረቦች ሦስቱ በሮች በቂ ናቸው፤ ባልደረባዎ የኮምፒውተርዎን አድራሻና የግራውን ፖርት፣ ለምሳሌ 192.168.1.20:8080 ይጽፋል፡፡ ያ አድራሻ በራውተሩ በየጊዜው የሚታደል ስለሆነ ዛሬ 20 የነበረው ነገ 23 እንዳይሆን ራውተሩ ላይ ለኮምፒውተርዎ በቋሚነት ማስያዝ ያስፈልጋል፡፡

ከከተማ ሌላ ጫፍ ወይም ከውጭ አገር የሚገባ ሰው ካለ ግን ራውተሩ ላይም ፖርት የማሻገር ሥራ አለ፡፡ አሠራሩ ዶከር ከሚያደርገው ጋር አንድ ነው፤ «በዚህ ፖርት የመጣውን ወደዚያ ኮምፒውተር» ይባላል፡፡ ራውተሩ ላይ «ዲኤምዜድ» የሚል አቋራጭ ቁልፍ አለ፤ እሱን መጫን ሁሉንም ፖርት ወደ አንድ ኮምፒውተር መልቀቅ ማለት ስለሆነ ፈጽሞ አልመክረውም፡፡ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የቀጠሮ መመዝገቢያ ያለበት ዴስክቶፕ በዚህ መንገድ ተለቅቆ አይቻለሁ፡፡ ሊወጣ የታሰበው 443 ብቻ ነበር፤ አብሮ የወጣው ግን የሕመምተኞቹ ስምና ስልክ ያለበት ዳታቤዝ ነው፤ የዳታቤዙ ኮንቴይነር ያለ አድራሻ ገደብ በ3306 ወጥቶ ነበርና፡፡

ወደዚህ ሥራ ከመግባትዎ በፊት ራውተሩ ከውጭ በኩል የያዘውን አድራሻ ይመልከቱ፡፡ በ10፣ በ192.168፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 የሚጀምር ከሆነ የውስጥ አድራሻ ነው፡፡ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 አገልግሎት ሰጪዎች ብዙ ደንበኛን በአንድ የሕዝብ አድራሻ ጀርባ እንዲያስቀምጡ የተመደበ ነው፡፡ በሁለቱም ሁኔታ የራስዎን ራውተር የቱን ያህል ቢያስተካክሉ ከእርስዎ በላይ ሌላ ራውተር ስላለ ጥያቄው አይደርስም፡፡ ከአገልግሎት ሰጪዎ የሕዝብ አድራሻ መግዛት፣ አለዚያም መንገዱን መገልበጥ ነው ያለው አማራጭ፡፡

መንገዱን መገልበጥ ስል፣ ከውጭ እንዲገቡ በር ከመክፈት ይልቅ ኮምፒውተርዎ ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ መስመር እንዲዘረጋ ማድረግ ነው፡፡ ዋየርጋርድን የመሰለ ቪፒኤን በሕዝብ አድራሻ ላይ ካለ አነስተኛ ሰርቨር ጋር አገናኝቶ መጠቀም ይቻላል፤ ቴልስኬልም በዋየርጋርድ ላይ ተመሥርቶ ይህንን ያቀለለ ነው፡፡ ክላውድፍሌር ተነልና ኤንግሮክ ደግሞ ለማንም ሰው የሚከፈት የድር አድራሻ ይሰጣሉ፡፡ ልዩነታቸው ቀላል አይደለም፡፡ ቪፒኤን የሚያስገባው የተመዘገበውን መሣሪያ ብቻ ነው፤ የኋለኞቹ ግን ተጨማሪ መቆጣጠሪያ ካልተደረገላቸው አድራሻውን ያወቀውን ሁሉ ያስገባሉ፡፡ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ብቻ ለሆነ ፕሮግራም እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ቪፒኤኑን ነው፡፡ ለደንበኛ ለአንድ ሰዓት ለማሳየት ከሆነ ኤንግሮክ ይበቃል፤ ሲጨርሱ ግን ይዝጉት፡፡

ለሕዝብ የሚቀርብ ነገር ካለ ደግሞ ሁሉንም ኮንቴይነር በየራሱ ፖርት ከማውጣት ይልቅ ፊት ለፊት አንድ ተቀባይ፣ ለምሳሌ ኤንጂንኤክስን ወይም ካዲን፣ በ443 ላይ አስቀምጦ ወደ ውስጥ በስም እንዲያከፋፍል ማድረግ ይሻላል፡፡ የምስጠራው ሰርተፊኬትም በአንድ ቦታ ይያዛል፡፡

የተከፈተ ፖርት ምን ያመጣል?

«የእኔን ኮምፒውተር ማን ይፈልገዋል?» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፡፡ የሚፈልገው ሰው አይደለም፤ መላውን የኢንተርኔት አድራሻ ያለማቋረጥ የሚያስስ ፕሮግራም ነው፡፡ በጥር 2017 ያለ ይለፍ ቃል ለኢንተርኔት የተከፈቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች ተሰርዘው በምትካቸው የቢትኮይን ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ተቀመጠ፡፡ በሐምሌ 2020 ደግሞ «ሚያው» የተባለው ጥቃት በሺዎች የሚቆጠሩ ዳታቤዞችን ገንዘብ እንኳ ሳይጠይቅ ደመሰሰ፡፡ የሬዲስ ኦፊሴላዊ ኢሜጅ አዘጋጆች ራሳቸው፣ ለኮንቴይነሮች እርስ በርስ መገናኘት እንዲመች መከላከያው እንደጠፋና ፖርቱ ወደ ውጭ ከወጣ ያለ ይለፍ ቃል ለማንም ክፍት እንደሚሆን በመግለጫቸው ጽፈዋል፡፡ ያነበበው ግን ስንቱ ነው?

ከሁሉም የሚከፋው 2375 ቁጥር ነው፡፡ ይህ ዶከር ራሱ ከሩቅ ትዕዛዝ የሚቀበልበት ያልተመሰጠረ ፖርት ነው፡፡ እሱን ያገኘ ሰው የፈለገውን ኮንቴይነር አስነሥቶ የኮምፒውተሩን ዲስክ ሊያነብ ይችላል፡፡ በጥቅምት 2019 ይፋ የሆነው ግራቦይድ የተባለው ትል በዚህ ዓይነት ክፍተት ገብቶ ከ2,000 በላይ ማሽኖችን ዲጂታል ገንዘብ እንዲያመርቱ አድርጓቸዋል፡፡ በዶከር ዴስክቶፕ ቅንብር ላይ ይህንን ፖርት የሚከፍት ምልክት ማድረጊያ አለ፤ ባዶ እንደሆነ ይተዉት፡፡

ለአገራችን አንባቢ ጉዳዩ የሕግም ሆኗል፡፡ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ድርጅት መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፡፡ መዝገቡ ያለው ትልቅ ሰርቨር ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ሥር ባለ ዴስክቶፕ ላይ ነው ማለት ከግዴታው አያወጣም፡፡

አልከፈት ሲል

ፍለጋውን ከውስጥ ይጀምሩ፡፡ መጀመሪያ የኮንቴይነሩን መዝገብ አይተው ፕሮግራሙ መነሣቱንና በየትኛው አድራሻ እንደሚጠብቅ ያረጋግጡ፡፡ ቀጥሎ የሚሠሩ ኮንቴይነሮችን ዝርዝር ያውጡ፤ ከኮንቴይነሩ ስም ትይዩ 0.0.0.0:8080 ከዚያም ቀስት 80 የሚል ካልታየ ፖርቱ አልወጣም፤ 127.0.0.1 የሚል ከታየ የወጣው ለዚያው ኮምፒውተር ብቻ ነው፡፡ ከዚያ በዚያው ኮምፒውተር ብራውዘር ይሞክሩ፤ ከተሳካ ከጎን ካለ ኮምፒውተር ይሞክሩ፡፡ ከራስዎ ሠርቶ ከጎን እምቢ ካለና የወጣው በ0.0.0.0 ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው የፋየርዎሉ ነው፡፡ ወዲያው «ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልስ ከመጣ ኮምፒውተሩ ተገኝቷል፣ መስኮቱ ላይ ግን ማንም የለም ማለት ነው፡፡ ረጅም ጊዜ ጠብቆ «ጊዜው አለቀ» ካለ ደግሞ በመንገድ ላይ በዝምታ የሚጥለው ፋየርዎል ወይም የተሳሳተ አድራሻ አለ፡፡

የመጨረሻው፣ የራውተሩ ሙከራ፣ ከቢሮው ውጭ መደረግ አለበት፡፡ ብዙ ራውተሮች ከውስጥ የተነሣ ጥያቄ የራሳቸውን የሕዝብ አድራሻ ሲጠራ መልሰው ወደ ውስጥ ማስገባት አይችሉም፤ በመሆኑም በትክክል የተሠራው ሁሉ የተበላሸ ይመስላል፡፡ የሞባይልዎን ዋይፋይ ያጥፉና በሞባይል ዳታ አድራሻውን ይክፈቱት፡፡ በዚያው አጋጣሚ 3306ንና 5432ንም ከውጭ ይሞክሯቸው፤ እነሱ መልስ መስጠት የለባቸውም፡፡